ቅዝቃዜውን ፈልጉ፦ በሚሺጋን ሐይቅ ላይ የሁለት ቀን የሳልሞን ጉዞ

በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ባለችው ሉዲንግተን ወደብ ላይ የሚመለሱ አጥማጆች ጀልባቸውን እያሰሩ የሚጠያየቁትን ብትሰሙ፣ ‹‹ቀናህ?›› ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ‹‹በስንት ጫማ? በስንት ዲግሪ?›› ነው። ስለ ማባበያ ቀለም የሚወራው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጀማሪ ግን ከቀለም ይጀምራል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርማ፣ በጨለማ የሚያበራ እያልኩ ሣጥን ስሞላ ኖሬ፣ የበረዶ ሣጥኔን ግን ባዶውን ይዤው እመለስ ነበር። ዓሣው ያለው እኔ በማልደርስበት ጥልቀት ላይ ነበር፤ ማባበያዬን የማየት ዕድል እንኳ አላገኘም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሌሎቹ ይልቅ ስለ ውኃ ሙቀት ብዙ ያወራል። እዚያ አካባቢ መለኪያው ሁሉ በጫማና በፋራናይት ስለሆነ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ሳልሞን እዚያ ምን ይሠራል?

ሚሺጋን ሐይቅ ወደ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጣናን ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ ይውጣል። ጥልቅ የሆነው ቦታ 281 ሜትር ይወርዳል። ጨው የለውም እንጂ ጠባዩ የባሕር ነው።

ሳልሞኑ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። ከውቅያኖስ በኩል የገባው ላምፕሬይ፣ እንደ አልቅት ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ፍጡር፣ ሌክ ትራውት የተባለውን ነባር ዓሣ ሊጨርሰው ደረሰ። ሌላው መጤ፣ ኤልዋይፍ የተባለው ትንሽ ብርማ ዓሣ፣ የሚበላው ጠፍቶ ሐይቁን ሞላው። ያን ጊዜ የሚሺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የነበሩት ሃዋርድ ታነር ከፓስፊክ ዳርቻ የመጣ ኮሆ ሳልሞን በ1966 (በፈረንጆቹ) ፕላት ወንዝና ሌላ ገባር ውስጥ አስለቀቁ። በዓመቱ ቺኑክ የተባለው ሌላ የሳልሞን ዓይነት ተከተለ። ዛሬም ቺኑክ ኤልዋይፍን ተከትሎ ነው የሚኖረው። ኤልዋይፍ በሌለበት ውኃ ቅዝቃዜው ቢስማማም እንኳ ብዙ አትቆዩ።

መቼ፣ ከየት

በሚያዝያና በግንቦት ቀድሞ የሚሞቀው የሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ነው፤ በኢንዲያናና በኢሊኖይ ዳርቻ ትናንሽ ኮሆዎች ከላይ ከላይ ይያዛሉ። በጋው እየገፋ ሲሄድ ዓሣው ወደ ሰሜን ይወጣል። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ (የፈረንጆቹ ጁላይና ኦገስት) ትላልቆቹ ቺኑኮች በሉዲንግተን፣ በማኒስቲና በፍራንክፈርት ፊት ለፊት ይሰበሰባሉ። ከዚያ ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ይጠጋሉ፤ ከተራቡ በኋላ ይሞታሉ። በ2021 ኦገስት ከሉዲንግተን ወጣ ብሎ የተያዘው 47.86 ፓውንድ ቺኑክ የግዛቱን ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ከ21 ኪሎ ይበልጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የኦገስትን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት፣ ከሉዲንግተን ወይም ከማኒስቲ ምረጡ። ከሉዲንግተን በስተ ሰሜን፣ ነጭና ጥቁር ቀለበት የተቀባው የቢግ ሴብል መብራት ማማ ፊት ለፊት፣ የሐይቁ ወለል ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ገደል ሆኖ ይወርዳል። ጥልቅ ውኃ ለማግኘት ብዙ ነዳጅ አታቃጥሉም ማለት ነው። ነፋስ ድንገት ቢነሳም ወደ ወደብ ለመመለስ ቅርብ ናችሁ።

የማን ጀልባ?

ጀልባ ቢኖራችሁም የመጀመሪያውን ቀን ከካፒቴን ጋር ተከራይታችሁ ውጡ እላለሁ። የኮስት ጋርድ ፈቃድ ያላቸው አብዛኞቹ ካፒቴኖች እስከ ስድስት ተሳፋሪ ይይዛሉ፤ ወጪውን ስትካፈሉት አይከብድም። ግን ተኝታችሁ አትውጡ። ማባበያውን ይዞ የሚሰምጠውን ከባድ ኳስ በስንት ጫማ እንዳወረደ፣ ማባበያውን ስንት ጫማ ወደ ኋላ እንደለቀቀ፣ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ እያያችሁ ጻፉ። የአንድ ጠዋት ጉዞ ከአንድ ዓመት ንባብ ይበልጣል።

በራሳችሁ ጀልባ ከሆነ፣ ርዝመቱ ቢያንስ 20 ጫማ፣ ጎኑ ከፍ ያለ ይሁን። ከዋናው ሞተር ሌላ ትንሽ መጠባበቂያ ሞተር ቢኖረው ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፤ አንድም ማባበያ በዝግታ ለመጎተት ይመቻል፣ አንድም ዋናው ሲከዳ ቤት ያስገባችኋል። ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት፣ አንድ የሚወረወር ተንሳፋፊ፣ ቀኑ ያላለፈ የአደጋ ጊዜ የእሳት ምልክት እና የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ያስፈልጋል። የእጅ ስልክ ኔትወርክ ከዳርቻ ስትርቁ ሊጠፋ ይችላል፤ በሬዲዮው ቻናል 16 ላይ የሚሰማችሁ ሰው ግን አለ። ጃኬቱን ከወንበር ሥር አታስቀምጡት፤ ልበሱት። ውኃ ውስጥ ገብቶ ጃኬት ለመልበስ የሞከረ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት

ፈቃድ አውጡ። በሚሺጋን 17 ዓመት የሞላው ሁሉ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የተከራያችሁት ጀልባ ላይ ብትሆኑም። አንድ ሰው ከሦስት የማጥመጃ ዘንግ በላይ መጠቀም አይችልም። በቀን የሚያዘው ሳልሞንና ትራውት በድምሩ አምስት ነው፤ በየዓይነቱና በየቦታው ልዩነት ስላለ የዓመቱን ደንብ ራሳችሁ አንብቡ። የጓደኛ ወሬ ዳኛ ፊት አያድንም።

አሁን ወደ ነፋሱ። ከሰኞ ጀምራችሁ በየቀኑ የነፋሱን አቅጣጫ መዝግቡ፤ ቅዳሜ ዓሣው የት እንደሚሆን የሚነግራችሁ የቅዳሜ ሳይሆን የሳምንቱ ነፋስ ነው። በበጋ ሐይቁ ድርብርብ ይሆናል፤ ላዩ ለብ ያለ፣ ሥሩ ቀዝቃዛ። በመካከላቸው በጥቂት ጫማ ውስጥ ሙቀቱ ዘጭ የሚልበት ንብርብር አለ፤ ቴርሞክላይን ይሉታል። ቺኑክ የሚወደው ከ48 እስከ 55 ዲግሪ ያለውን ውኃ ነው፤ ስለዚህ የሚያንዣብበው እዚያ ንብርብር አጠገብ ነው። ይህ ንብርብር ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። ነፋስ ከሰሜን ለሁለት ሦስት ቀን ሲነፍስ፣ ከምድር መሽከርከር የተነሳ የላዩ ሞቃት ውኃ ወደ ነፋሱ ጉዞ ቀኝ፣ ማለት ከሚሺጋን ዳርቻ ወደ ምዕራብ፣ ይርቃል። ባዶውን የሚሞላው ከሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሳልሞኑም አብሮ ይጠጋል። የምሥራቅ ነፋስም ሞቃቱን ውኃ በቀጥታ ከዳርቻው ይገፋዋል። በተቃራኒው ከምዕራብ በርትቶ ከነፈሰ ሞቃቱ ውኃ ዳርቻው ላይ ይከመራል፤ ቅዝቃዜው ይሰምጣል፤ እናንተም ርቃችሁ፣ ጥልቅ አውርዳችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ለዚህ መሣሪያ የማያስፈልገው ምልክት አለ። ዓርብ ስትደርሱ ወደ መዋኛው ዳርቻ ሂዱና እግራችሁን ንከሩ። ፀሐዩ እያቃጠለ ውኃው እግር የሚቆረጥም ከሆነ፣ ሕፃናቱም እየጮኹ ወደ አሸዋው የሚሸሹ ከሆነ፣ ለመዋኘት የመጡትን የሚያስከፋው ነገር ለእናንተ ብሥራት ነው። በነገታው ከ60 እስከ 100 ጫማ ጥልቀት ባለው ውኃ ላይ ጀምሩ።

የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የዳርቻ ውኃ ትንበያ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ይታደሳል። የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሞገዱን ከፍታ ተመልከቱ፤ ሐይቁ ላይ የተተከሉት ተንሳፋፊ መለኪያዎችም በዚያች ሰዓት ያለውን እውነት ይነግሯችኋል። የእኔ ወሰን ለ20 ጫማ ጀልባ ሁለት ጫማ ሞገድ ነው። ሦስት ከሆነ ቁርስ እበላለሁ።

ዓርብ ማታ

ዕቃ የሚዘጋጀው ማታ በመብራት ነው እንጂ ንጋት ላይ በሚንቀጠቀጥ ጀልባ ላይ አይደለም። ሁለት ሰው ስድስት ዘንግ የማውጣት መብት አለው፤ ለጀማሪ ግን አራት ይበቃል፤ እንዲያውም ይበዛል። ሁለቱ በዳውንሪገር፣ ሁለቱ በዳይቨር ይወርዳሉ።

ዳውንሪገር ማለት ከጀልባው ኋላ የሚታሰር መዘውር ነው። በሽቦ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ የሚመዝን ኳስ ይንጠለጠላል። የማጥመጃው ክር ከኳሱ አጠገብ ባለ መቆንጠጫ ይያዝና አብሮ ይወርዳል፤ ዓሣ ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቅና ትግሉ በእናንተና በዓሣው መካከል ብቻ ይሆናል። ዋና ጥቅሙ ጥልቀቱን በቁጥር ማወቃችሁ ነው። ዳይቨር ደግሞ ክሩ ላይ የሚታሰር፣ ውኃው ሲገፋው ወደ ታችና ወደ ጎን የሚጎትት ክብ ሳህን ነው፤ ከጀልባው ጥላ ውጭ ያለውን ዓሣ ለማግኘት ይረዳል። ለዳይቨር የማይለጠጥ የተጠለፈ ክር ተጠቀሙ፤ ተራ ክር እየተለጠጠ መንጠቆው እንዳይሰካ ያደርጋል። ለዳውንሪገሩ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ የሚችል ተራ ክር ጥሩ ነው። የክር መጠቅለያዎቹ ሁሉ፣ ስንት ጫማ ክር እንደወጣ የሚያሳይ ክር ቆጣሪ ያላቸው ይሁኑ። ለምን እንደሆነ ቅዳሜ ይገባችኋል።

ማባበያ ላይ ዘንድሮም ዘመዶቼ ይስቁብኛል፤ ከዚያ ሁሉ ሣጥን የምወስደው አሥር ያህል ነው። ሁለት ዓይነት ይበቃል። አንዱ ስፑን ነው፤ ስሙ እንደሚለው እጀታው የተቆረጠ ማንኪያ ይመስላል፤ ሲጎተት እየተንከላወሰ የቆሰለ ኤልዋይፍ ያስመስላል። ሌላው ፍላሸርና ፍላይ ነው። ፍላሸሩ እየተሽከረከረ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ነው፤ ከኋላው ከ20 እስከ 30 ኢንች ርቀት ላይ ብልጭልጭ ክር የለበሰ መንጠቆ ይከተለዋል። ርቀቱን በማሳጠር መንጠቆው ይበልጥ እንዲወራጭ ማድረግ ይቻላል። በአንዱ ዳውንሪገር ላይ ይህን፣ በሌላው ላይ ስፑን ስቀሉ።

የመጠቅለያውን ፍሬን በእጃችሁ ክሩን እየሳባችሁ ሞክሩ። በጥብቅ የታሰረ ፍሬን ትልቅ ቺኑክን አያቆምም፤ ክሩን ይበጥሳል። ክሩ በእጅ ሲሳብ እየተወላገደ ሳይሆን እየተንሸራተተ መውጣት አለበት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የጀልባውን የውኃ ማስወጫ ቡሽ ግጠሙ። አንድ ዓመት ረስቼው ጀልባውን ውኃ ላይ ለቅቄ፣ መኪናዬን አቁሜ ስመለስ ጓደኛዬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ‹‹ይሄ ነገር የተለመደ ነው?›› ብሎ ጠይቆኛል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ካለ ከመተኛቱ በፊት ይዋጥ፤ ሞገዱ ላይ ከተጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም።

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሳይቀድ

ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ከወደቡ ውጡ። ቺኑክ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይወዳል፤ የንጋት የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣል። በጨለማ የሚያበሩትን ማባበያዎች በባትሪ መብራት አብርታችሁ አውርዱ። በሉዲንግተን በኩል ባጀር የተባለው፣ መኪና ጭኖ ወደ ማኒቶዎክ የሚሻገር ትልቅ መርከብ በወደቡ መውጫ ያልፋል፤ ስታዩት ከመንገዱ ራቁ፤ እሱ ለእናንተ ብሎ አይጠመዘዝም።

ያሰባችሁት ቦታ ስትደርሱ ዘንግ አትንኩ። መጀመሪያ ለኩ። በዳውንሪገሩ ሽቦ ላይ የሚታሰር ቴርሞሜትር አለ፤ ከጀልባው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ግዙት የምለው እሱን ነው። ኳሱን ቀስ እያላችሁ አውርዱና በየአሥር ጫማው ጻፉ። ከደብተሬ አንድ ጠዋት ልጥቀስ፤ ላዩ 68፣ በ30 ጫማ 66፣ በ45 ጫማ 61፣ በ55 ጫማ 54፣ በ65 ጫማ 48። ከ45 እስከ 65 ባለው 20 ጫማ ውስጥ 13 ዲግሪ ወረደ። ያ ነው በሩ። ሶናራችሁም፣ ማለት በድምፅ ሞገድ ከሥር ያለውን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ጭጋግ የመሰለ መስመር ያሳያል፤ ከመስመሩ ላይ ደመና የመሰለው ክምችት ኤልዋይፍ ነው፤ ከሥሩ እንደ ተገለበጠ ጀልባ የተቀመጠው ቅስት የምትፈልጉት ነው።

እንዲህ አውርዱ፦

1. ጀልባው በ2.3 ማይል በሰዓት ገደማ ቀጥ ብሎ ይሂድ። አንዱ መሪውን ይያዝ፤ ሌላው ክር ያውርድ።
2. ፍላሸሩን ከ15 እስከ 20 ጫማ ወደ ኋላ ልቀቁ፣ ክሩን መቆንጠጫው ላይ አስገቡ፣ ኳሱን እስከ 55 ጫማ አውርዱ።
3. ስፑኑን 25 ጫማ ያህል ወደ ኋላ፣ ኳሱን በ45 ጫማ ላይ። ዓሣ ወደ ላይ ስለሚያይ፣ ከእሱ በላይ ያለን ማባበያ ሊወጣለት ይችላል፤ ከሥሩ ያለውን ግን ብዙም አያየውም።
4. ዘንጉ በመትከያው ላይ ጎብጦ እስኪቆም ክሩን ጠቅልሉ። ያልጎበጠ ዘንግ ዓሣ ቢነክስም አይነግራችሁም።
5. ሁለቱን ዳይቨሮች በግራና በቀኝ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። አንዱን ክር ቆጣሪው 120 ሲያሳይ፣ ሌላውን 160 ሲያሳይ አቁሙ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ፍጥነት ነው። የጂፒኤስ ቁጥር የሚነግራችሁ ጀልባው በመሬት ላይ ስንት እንደሄደ ነው፤ ከታች ግን ሌላ ውኃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይፈስሳል። ለዚህ ነው ወደ ሰሜን ስትሄዱ ሦስት ነክሶ ወደ ደቡብ ስትመለሱ አንድም የማይነክሰው። የዳውንሪገሩን ሽቦ ተመልከቱ፤ ወደ ኋላ አብዝቶ ከተዘነበለ ከታች ፈጥናችኋል፤ ቀጥ ካለ ዘግይታችኋል። በተጨማሪ በቀጥታ መስመር አትሂዱ፤ እንደ እባብ ተጠማዘዙ። ስትታጠፉ በውስጥ ያሉት ማባበያዎች ዝግ ብለው ይሰምጣሉ፤ በውጭ ያሉት ፈጥነው ይነሳሉ። በውስጡ ከተነከሰ ፍጥነት ቀንሱ፤ በውጩ ከተነከሰ ጨምሩ። ዓሣው ራሱ ያርማችኋል። ከ2.2 እስከ 2.8 ባለው ውስጥ መልሱን ታገኙታላችሁ።

ሲነክስ

የዳውንሪገር ዘንግ ሲነከስ መጀመሪያ ቀና ይላል፤ ክሩ ከመቆንጠጫው ስለወጣ ነው። አዲስ ሰው ‹‹ተበጠሰ›› ይላል። ከዚያ በቅጽበት ተመልሶ እስከ ውኃው ይጎብጣል፤ መጠቅለያው ይጮኻል። ዘንጉን ከመትከያው አውጡ፣ ጫፉን ቀና አድርጉ፣ ክሩ እየወጣ ሳለ ግን እጀታውን አታዙሩ። ክሩን ከማጣመም በቀር የምታተርፉት የለም። ትልቅ ቺኑክ በመጀመሪያው ሩጫ 100 ሜትር ክር ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ሩጫው ሲያልቅ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ ስታወርዱ ጠቅልሉ፤ እንደገና አንሱ። ጀልባውን አታቁሙ፤ ጥቂት ብቻ አዝግሙት። ክሩ ከላላ መንጠቆው ይወልቃል፤ የቀሩት መስመሮችም ይጠላለፋሉ።

ዓሣው ጀልባውን ሲያይ ሁለተኛ ይሮጣል። ብዙው ዓሣ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የመረብ ያዡ ነው። መረቡን ዓሣው ላይ አትወርውሩ፣ ከኋላውም አታሳድዱት። ውኃ ውስጥ አስገብታችሁ ያዙት፤ ዘንግ የያዘው ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድና ዓሣውን በራሱ በኩል ወደ መረቡ ይምራው። ጭንቅላቱ ሲገባ አንሱ። ‹‹አሁን! አሁን!›› የሚል ሦስተኛ ሰው ካለ መሪውን ስጡት።

ደስታው ሳይበርድ ጻፉ፤ ሰዓት፣ የትኛው ዘንግ፣ ስንት ጫማ፣ ስንት ዲግሪ፣ ፍጥነት፣ አቅጣጫ፣ የጂፒኤስ ነጥብ። ክር ቆጣሪ ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው፤ 160 ላይ የነከሰውን ዘንግ 160 ላይ ትመልሱታላችሁ። አንዱ ዓሣ አጋጣሚ ነው፤ በአንድ ጥልቀት ሁለተኛው ሲነክስ ግን ቀሪዎቹን መስመሮች ወደዚያው አቅርቡ።

ሥጋውን የምትፈልጉ ከሆነ የያዛችሁትን ወዲያው ከጉሮሮው ሥር ያለውን ስንጥብ ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱት፤ ከዚያ በረዶና ጥቂት ውኃ የተቀላቀለበት ሣጥን ውስጥ ክተቱት። ውኃ በሌለው በረዶ ላይ ከሚጋደመው ይልቅ በዚህ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ቅዳሜ ከሰዓት

ፀሐይ ከፍ ስትል ዓሣው ይወርዳል፤ ንክሻው ይሳሳል። ግቡና እረፉ። ወደቡ ላይ በማጽጃው ጠረጴዛ ሳላችሁ ግን የመጀመሪያውን ዓሣ ሆድ ክፈቱት። ጣት የሚያህል ኤልዋይፍ ካገኛችሁ ለእሑድ ትንሹን ስፑን ስቀሉ፤ መዳፍ የሚያህል ከሆነ ትልቁን። ባዶ ከሆነ ዓሣው ወደ ወንዝ ሊገባ እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚነክሰው ርቦት ሳይሆን ተናዶ ነው፤ ፍላሸሩን አስቀድሙ።

ጎኑ ላይ ክብ ጠባሳ ካያችሁ የላምፕሬይ አፍ ያረፈበት ነው። ጀርባው ላይ፣ ጭራው አጠገብ ያለችውንም ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ፈልጉ። ከሌለች ያ ዓሣ በመፈልፈያ ጣቢያ ያደገ ነው፤ አፍንጫው ውስጥ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰች ቁጥር ያላት ሽቦ ሊኖር ይችላል። ጭንቅላቱን ወደ መሰብሰቢያ ነጥብ ብትወስዱ ባለሙያዎቹ ዓሣው የትና መቼ እንደተለቀቀ ይለያሉ።

አመጋገቡ ላይ አንድ ነገር። የእነዚህ ሐይቆች ዓሣ ስብ ውስጥ ፒሲቢ የተባለ የቆየ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ይከማቻል፤ ዓሣው በገዘፈና ባረጀ ቁጥር ይበዛል። ስለዚህ ቆዳውን፣ የሆዱንና የጀርባውን ስብ፣ በጎኑ መሐል የሚሄደውን ጠቆር ያለ ሥጋ አውጡ፤ ስቡ በሚንጠባጠብበት መንገድ ጥበሱ። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች የግዛቱን የዓሣ አመጋገብ መመሪያ ሳታዩ አታቅርቡ። ትልቁን ፎቶ አንሱት፤ ለማዕድ ትንሹ ይሻላል።

እሑድ

እሑድ ከደብተሩ ትጀምራላችሁ። የቅዳሜው ነጥብ ላይ ሄዳችሁ ግን መስመር ከማውረዳችሁ በፊት እንደገና ለኩ፤ ሌሊቱን ነፋስ ከተለወጠ ቅዝቃዜው 20 ጫማ ወርዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ዓሣው ‹‹ትናንት እዚህ ነበር›› የሚባለው ቦታው ላይ ብዙ ጊዜ የለም፤ ትናንት የነበረበት ዲግሪ ላይ ግን ትደርሱበታላችሁ።

ከባዱ እሑድ አለመውጣት ነው። የመኝታ ክፍል ኪራይ ተከፍሏል፣ ነዳጅ ተሞልቷል፣ ቅዳሜ ተይዟል፣ ነገ ሥራ አለ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1967 ፕላት ቤይ ላይ የሆነው እንዲህ ነበር። ኮሆው ከተለቀቀ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ወቅት ነበር፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ትናንሽ ጀልባውን ይዞ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ወጣ። ነፋሱ ተነሳ፣ ጀልባዎች ተገለበጡ፣ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ሐይቁ ላይ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን ተሻግራችሁ ሳትጨርሱ ሌላው ይመታችኋል። ወጥታችሁ ሳላችሁ ከምዕራብ ጥቁር መስመር ካያችሁ ወይም የሞገዱ አናት መንጣት ከጀመረ፣ ዓሣ እየነከሰም ቢሆን መስመር ሰብስባችሁ ግቡ። እኔ አንድ ጊዜ ‹‹አንድ ዙር ብቻ›› ብዬ፣ ያ አንድ ዙር የ20 ደቂቃውን መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል አድርጎብኛል።

ከውኃ ስትወጡ

ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚዛመቱ መጤ ቀንድ አውጣዎችና አረሞች በጀልባ ነው የሚጓዙት፤ ሚሺጋን ከ2019 ጀምሮ ጀልባ በመንገድ ከመጎተቱ በፊት ቡሹ ወጥቶ ውኃው ሁሉ እንዲፈስ በሕግ ታስገድዳለች። ከመንሸራተቻው እንደወጣችሁ ጎን ቁሙና አፍስሱ፤ የተጣበቀውን አረም ልቀሙ። ቤት ስትደርሱ የመጠቅለያዎቹን ፍሬን አላሉ፣ በዓሣው ሩጫ የተፋቀውን የክሩን ጫፍ ሁለት ሦስት ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ።

የወጣው ቡሽ የት እንደሚቀመጥ ግን አስቡበት፤ የጠፋ ቡሽ በሚቀጥለው ዓርብ ማታ የሚሸጥ ሱቅ ክፍት አይገኝለትም። እኔ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር አስሬዋለሁ። ባለቤቴ ስትነዳ ጉልበቷን ይመታታል፤ በየሳምንቱ አውጣው ትለኛለች፤ እስካሁን አላወጣሁትም።